ከጠመኔው መስመር ወዲህ

ሆሊዉድ፣ ጥቅምት 1931

ውድ ሌስተር፣

ዛሬ ቀረጻው እንዳለቀ አቅፈኸኝ «ኤመት፣ ፍርሃቱ ለቀቀኝ እኮ! ዓይኔን አልጨፈንኩም!» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንተ የወንበዴ አለቃ ሆነህ ትቆማለህ፣ እኔ ከካሜራው አጠገብ ሆኜ በእውነተኛ ጥይት ግድግዳውን እፈረፍራለሁ። የውሸት ጥይት ልስን አያፈርስም፣ ተመልካች ደግሞ ልስን ሲፈርስ ማየት ይወዳል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አብረን ግድግዳው ላይ በጠመኔ የምናሰምረው፤ አንተ ከመስመሩ ወዲህ፣ ጥይቴ ከመስመሩ ወዲያ። ያንን መስመር አምነህ ነው የምትቆመው።

ጠዋት ደጋግመህ ዓይንህን ስትጨፍን ዳይሬክተሩ ሚስተር ክራንደል ትዕግሥታቸው አለቀ። «ገና ሳይተኮስበት የሚጨፍን ወንበዴ የት አገር አለ?» ብለው በሰው ፊት ሲያሾፉብህ ሰምተሃል። ቀጥሎ እኔን ለብቻዬ ጠርተው ያሉኝን ግን አልሰማህም።

«ጥይቱን አንድ ስንዝር ወደሱ አስጠጋ። ሳያስበው ዓይኑ ይፈጥልኛል።»

«መስመሩን ልለፍ? ሳልነግረው?»

«ምነው፣ እጅህ ከዳህ እንዴ?»

ይህችን ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እንጀራዬ ይቀራል ብዬ ፈርቼ አይደለም፤ ለኩራቴ ብዬ ነው የተኮስኩብህ። እጄም አልከዳኝም፣ ጥይቱ ካሰብኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። አንተ ግን በዚያች ቅጽበት ራስህን ወደ መስመሩ ዘንበል አደረግህ።

ባርኔጣህ ሲወድቅ አንተ ሳቅህ። እኔ ተሽቀዳድሜ አንስቼ ደበቅኩት፣ ከልብስ ክፍልም ሌላ አመጣሁልህ። ጆሮህ ላይ ያለውን ደም ደግሞ «የልስን ፍንጣሪ ነው» ብዬ ጠረግኩልህ። አንተም «ነገ ዊኒፍሬድን ይዣት እመጣለሁ፣ ባሏን ትይልኝ! ጠመኔ ምን ያደርግልናል፣ አንተ እያለህልኝ!» አልከኝ።

ነገ እንደማልተኩስ ለሚስተር ክራንደል ነግሬያቸዋለሁ። «ተኳሽ እንደ አሸን ነው» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ሌላ ሰው ይመጣል፣ እሱም እንደ እኔ ይታዘዛል። እባክህ ሌስተር፣ እዚያ ግድግዳ ሥር አትቁም።

ከእንግዲህ ቃሌን ባታምን አልፈርድብህም። ባርኔጣውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትቼልሃለሁ። ራስህ ላይ አድርገውና ጣትህን በቀዳዳው አስገባ። ፀጉርህን ትነካለህ።

«ወዳጅህ» ብዬ ልፈርም አስቤ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ኤመት