ቢስሚላህን ጉሮሮ መጥረግ ነው አሉት

ለውድ እህቴ ለእቴ ዘይና፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጅርታ እቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በዘይት እያሸሽው ነው የምታድሪው? የኩዌት ሙቀት ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰማን። ማዳምሽ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋደም እንድትይ ትፈቅድልሻለች ወይስ ያው እንደ ድሮዋ ናት? አብራሽ ያለችው የባቲዋ ልጅስ ደህና ናት?

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ስኳር ወርዶላታል። አባዬም የጨፋው ማሽላ ስለበቀለለት ከማሳው አይለይም። ፋይዛሽ ተመዛ አምና የላክሽላት ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ አሞኝ ግን አይደለም። ደንግጬ ነው። ድንጋጤ የደቂቃ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከሰው ጋር አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይነሳል።

አርብ አርብ ስትደውይ ማዳምሽ አጠገብሽ ቆማ ሰዓት ስለምታይብሽ ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ቅዳሜ በምትበረው በሙህዲን ልጅ እጅ የላክሁልሽ ለዚያ ነው። ታገሺና እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሳትጨርሺ ግን ማንም ቢደውልልሽ እሺ እንዳትይ።

ምናልባት ነዋል ለልጆች የሐሰት ውጤት ሰጥታ ተባረረች የሚል ወሬ ደርሶሽ ይሆናል። ከሥራ መታገዴ እውነት ነው። የሐሰት ውጤት መስጠቴ ግን ወላሂ ውሸት ነው።

አምና ለትምህርት ቤታችን ታብሌት ሊመጣ ነው ስልሽ በስልክ እልል ያልሽውን ታስታውሻለሽ? መጣ። ሥራውን የሚመሩት በብዙ አገር ስለ ትምህርትና ስለ ቴክኖሎጂ መንግሥታትን የሚያማክሩ ሊቃውንት ናቸው ተባልን። ከእነሱ ሁለቱ ወደ እኛ ይመላለሱ ነበር። አንዷ ክላራ የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ናት። ሌላው ዶክተር ጀሚል ነው፤ የባቲ ልጅ። እንዴት እንደኮራሁበት ልንገርሽ! ባቲ ገበያ ውስጥ ፍየል ሲጎትት ያደገ ልጅ ዛሬ ለዓለም ትምህርት ምክር ይሰጣል እያልኩ ለክፍሌ አወራሁለት። ክፍል ገብቶ ልጆቹን በኦሮምኛችን ሰላም ሲላቸው በደስታ ተንጫጩ።

የታብሌቱ የንባብ ፈተና እንዲህ ነው። ልጁ ብቻውን ክፍል ይገባል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይደረግለታል፣ ደወሉን ሲሰማ ስክሪኑ ላይ ያለውን ታሪክ ጮክ ብሎ ያነባል። ማሽኑ ያዳምጣል። ልጁ የመጀመሪያውን ቃል ከሳተ አንድ ዕድል ይጨመርለታል። ደግሞ ከሳተ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ገረ ቁቤቲ ዴቢኢ» ይለዋል፤ ወደ ፊደል ተመለስ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ታሪክ የለም፣ ፊደል ብቻ ነው። እኛ መምህራን እንዳንጠቁም ተብሎ ከግቢው ማዶ ግራሩ ሥር አስቀመጡን። ፋይዛ ወጥታ «አክስቴ፣ ማሽኑ አልሰማኝም» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ሰምቶሻል» ብዬ ሸኘኋት። ምን ላድርግ፣ እኔም አመንኩት።

ግንቦት ላይ ውጤቱ ይነገራል ተብሎ ወላጅም መምህርም የዞን ሰዎችም ከሚሴ አዳራሽ ተጠራን። ግድግዳው ላይ የሁሉም ክፍል ውጤት ዝቅ ብሎ ታየ፤ የእኔ ክፍል ግን ከሁሉም በታች በቀይ መጣ። አንድም ልጅ አንድም ቃል አላነበበም። ሱብሓነላህ! እነዚህ ልጆች እኮ የብስኩት ሽፋን፣ የሚኒባስ መስታወት ላይ የተለጠፈውን፣ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር የሚያነቡ ናቸው። ከጎኑ እኔ የሰጠኋቸው ውጤት ታየ፤ አብዛኛው ከሰማንያ በላይ ነው። ዶክተር ጀሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመምህሯና የማሽኑ ውጤት እንደማይገናኝ ተናገረና «ማሽን ዘመድ የለውም» አለ። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ እኔን አየ። ፋይዛ የእህቴ ልጅ መሆኗን የማያውቅ ማን አለ?

በማግስቱ ርእሰ መምህራችን ጋሽ ኢልያስ አንገቱን ደፍቶ መታገዴን ነገረኝ። የክፍሌ ልጆች ሁለተኛ ክፍልን እንዲደግሙ ተወሰነ። በከሚሴ መንገድ ስሄድ የባጃጅ ልጆች «ቁቤ ቁቤ! መምህርት፣ አንድ ሰው የቀረው የቁቤ!» እያሉ እንደ ረዳት ይጮኹብኝ ጀመር። እኔም ዞሬ «ያስተማርኩት ልጅ መንጃ ፈቃድህን አንብቦ ይስጥህ» አልኩት አንዱን። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ፤ ልዋሽሽ አልችልም።

ዕቃዬን ለማስረከብ ትምህርት ቤት የሄድኩ ቀን ታብሌቶቹን የምትጠብቀውን የዕቃ ቤት ሠራተኛ አሻን እስቲ አንዱን ስጪኝ አልኳት። ልሰናበተው ፈልጌ ይሁን ልሰብረው እኔም አላውቅም። ማዳመጫውን አደረግሁ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ስለ አንዲት ላም የሚያወራውን የሁለተኛ ክፍል ታሪክ አነበብኩ። ማሽኑ ዝም አለና እንደገና ከፈተልኝ። ቀስ ብዬ ደገምኩ። «ገረ ቁቤቲ ዴቢኢ» አለኝ። እኔን! በቋንቋ የተመረቅሁትን! አሻ መደርደሪያውን ይዛ እስኪያንቃት ሳቀች፤ ዲግሪሽንም ለማሽኑ አስረክቢ አለችኝ። በንዴት ፈተናውን እንደ አዲስ ከፍቼ ታሪኩን እንደ ስድብ አፈነዳሁት። ተቀበለኝ። እስከ መጨረሻው ቃል ተቀበለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ምን ለወጥኩ ብዬ አሰብኩ። ተናድጄ ስለነበር ሦስተኛው ላይ ቢስሚላህ አላልኩም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

እቴ፣ ቢስሚላህ ሳትይ የጀመርሽው ነገር አለ? ውሃ ስትጠጪ፣ በር ስትከፍቺ፣ መጽሐፍ ስትገልጪ? ለእኛ ጆሮ ቃል መሆኑ ቀርቶ ትንፋሽ ሆኗል፤ ማንም ሲባል አይሰማውም። ማሽኑ ግን ሰማው። የላሚቱ ታሪክ የመጀመሪያ ቃል ነው ብሎ ያዘውና ስህተት ነው አለ። ልጆቹ በሁለተኛው ዕድላቸውም አጥብቀው ቢስሚላህ አሉ፤ የፈራ ልጅ ሌላ ምን ይላል? በዚህ ሁሉም መሃይም ተባሉ።

አማካሪዎቹ ሪፖርታቸውን ሊዘጉ ተመልሰው በጋሽ ኢልያስ ቢሮ ተቀምጠው ነበር። ታብሌቱን ይዤ ሳላንኳኳ ገባሁ። ዶክተር ጀሚልን እባክህ አንድ ጊዜ አንብብልኝ አልኩት። የላም ታሪክ ልትፈትኚኝ ነው ብሎ ሳቀ። መነጽሩን አስተካከለ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ እንደ ማንኛውም እናቱ እንዳሳደገችው የባቲ ልጅ በለሆሳስ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ሁለት ጊዜ። ማሽኑም ወደ ፊደል መለሰው። ጋሽ ኢልያስ ሳቁን ውጦ ጣሪያ ጣሪያ ያይ ጀመር። ክላራ ግን ጆሮዋ ንቁ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ምን አልክ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

እሱም ምንም አይደለም፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው አላት።

እንግሊዝኛ ማወቄን ረስቶት አይደለም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያለው። ዜሮው፣ እገዳው፣ የባጃጅ ልጆች ሁሉ ተረሱኝ። አፉ የለመደውን፣ እናቱ ጡት ከምታጠባው ጊዜ ጀምሮ የሰማውን ነገር ጉሮሮ መጥረግ ነው አለው!

እኔው ነገርኳት። ጉሮሮ አይደለም፣ በአላህ ስም ማለት ነው፣ እዚህ ልጅ ሁሉ ማንበብ የሚጀምረው በዚህ ነው አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በፈተናው ጊዜ የተቀዳውን የልጆቹን ድምፅ ከኮምፒዩተሯ ከፈተች። ቢስሚላህ። ሌላው፣ ቢስሚላህ። ሌላዋ፣ ቢስሚላህ። ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ ንባብ፣ ከዚያም ገረ ቁቤቲ ዴቢኢ። ፋይዛን በድምጿ ለየኋት እቴ። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ክላራ ይህ ማሽን በስንት የሙስሊም አገሮች እየሠራ እንደሆነ ታውቂያለሽ ብላ የጠየቀችው እኔን ይሁን ራሷን እንጃ።

ዶክተር ጀሚል አልደነገጠም። እኔን ደግሞ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ኮሪደር ላይ ይዤው ስጠይቀው ድምፆቹን ከአዳራሹ ስብሰባ በፊት ሰምቷቸው እንደነበር ነገረኝ። ያውቅ ነበር! እያወቀ ነው ማሽን ዘመድ የለውም ያለው። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ ነዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከእኛ አገር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማሽኑ ለእስላም ልጆች አይሆንም ብዬ ባነሳ ሥራው ወደ ሌላ አገር ይዞራል፣ ታብሌቱም ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ቀስ ብዬ ላስተካክለው ነበር» አለኝ። እኔስ አልኩት። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሥራ አታጪም አለኝ። ወላሂ እንዲህ አለኝ።

ክላራ ነገሩን ለበላዮቿ ጻፈች። የመጣው መልስ የተነገረ ውጤት አይሰረዝም የሚል ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ፈተናው ይደገማል፤ ልጆቹ ግን ከደወሉ በኋላ ከታሪኩ ውጭ ምንም ቃል እንዳያወጡ ይለማመዳሉ። እኔ ደግሞ በዚያው አዳራሽ ቆሜ ልጆቹን በመመሪያው መሠረት አላዘጋጀኋቸውም ማለት አለብኝ። ያን ጊዜ እገዳው ይነሳልኛል፣ ጭራሽ የአካባቢ አማካሪ ብለው ይሾሙኛል። ክላራ አፍራለች፤ አልስማማም ብዬ ጽፌያለሁ፣ ድምፄ ግን አንድ ነው አለችኝ።

አልልም አልኩ። ጋሽ ኢልያስ ሁለት ቃል ምን አለበት ብሎ ለመነኝ። አባዬም በልብ የተባለውንም አላህ ይሰማዋል፣ ልጆቹን አታስጨንቂ አለኝ። አባዬ ልክ ነው፤ በልብ ማለት ይቻላል። ከመጀመሪያው ጠይቀውን ቢሆን ልጆቹን እኔው ባስለመድኳቸው። የሚያንገበግበኝ ማሽኑ ሳይሰማ ቀርቶ እነሱ አታነቡም መባላቸው ነው። ጥፋቱ የማን እንደነበረ እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት ይነገር። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያህል ዝም ብለው ይጀምሩ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ደረስኩ። ለድጋሚው ፈተና ወላጅ ሁሉ ልጄ በሚገባ ስላልተዘጋጀ ይፈተንልኝ ብሎ መስማማት አለበት። ብዙዎቹ ተስማሙ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጆቻቸው ናቸው። ለፋይዛ እኔ እንቢ አልኩ። ጋሽ ኢልያስ ግን አክስት ወላጅ አይደለችም ብሎ ስልክሽን ከአባዬ ወሰደ። የሚመጣው ሳምንት አርብ ይደውልልሻል። ድምፁ ማር ነው። ለልጅሽ ስትይ ይልሻል። ነዋል በእልኋ ልጅሽን ልታስቀራት ነው ይልሻል። ይህኛው ውሸት አይደለም፤ እንቢ ካልሽ ፋይዛ ጓደኞቿ ሲያልፉ ሁለተኛ ክፍል ልትቀር ትችላለች። አትቀርም ብዬ ቃል ልሰጥሽ አልችልም።

ለእሷም ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ። ጓደኛዬ ዓፊያ ጥላኝ ልታልፍ ነው ብላ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጣችና የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ማሽኑ ብላ ጠየቀችኝ። ማሽኑ ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን እሱ አይደግምም?» አለችኝ።

እናቷ አንቺ ነሽ፣ መብቱ ያንቺ ነው። እሺ ብትይ አልቀየምሽም። ግን እሺ ስትይ ልጄ ማንበብ አትችልም ነበር ማለትሽ እንደሆነ አውቀሽ በይው። እኔ እንደሆንኩ የድጋሚው ውጤት በሚነገርበት ቀን አዳራሹ በር ላይ ነኝ። ካላስገቡኝ ከውጭ እናገራለሁ፤ ድምፄን ታውቂዋለሽ።

እማዬ በዱዓዋ እየጠራችሽ ሰላም ትልሻለች። አባዬ ሰላም ይልሻል፤ ጉልበትሽን አሞቂው ይልሻል። አሻም ሳቋን ሳትጨርስ ሰላም በይልኝ ብላለች። አብራሽ ላለችው የባቲዋ ልጅ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ስለ አገሯ ልጅ ግን ምንም አትንገሪያት፣ እሷም እንዳታፍር። አላህ ይጠብቅሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ያን አርብ ለጋሽ ኢልያስ ከመመለስሽ በፊት ቤት ደውይ። ስልኩን የምታነሳው ፋይዛ ናት። እሺም ይሁን እንቢ፣ መልስሽን መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያት።

እህትሽ ነዋል
ከሚሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.