ስለ ንጹሕ ጤፍዎ፣ ስለ ክንዴና ስለ ከበደች

ለተከበሩ አቶ ኦልጅራ
የኅብር ጎተራ የሸማቾች ማኅበር ሊቀ መንበር
ጭሮ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ጤናዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎን፣ የቆዳዎን ልስላሴና የወገብዎን ስፋት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው በቢሮዎ ስንገናኝ እንዳየሁት በሁሉም በኩል ሞልቶልዎታልና ስለዚህ ብዙም አልሰጋም። እኔ በዚሁ ከተማ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ የሴቶች ልብስ የምሰፋው እቴነሽ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ «ያቺ ስንዴ ገደለኝ የምትለው ሴትዮ» ብለው ለጸሐፊዎ ሲነግሩ ገና ከበሩ ስላልራቅሁ ሰምቻለሁና፣ በዚያው መጠሪያ ቢያስታውሱኝ አልቀየምም።

ነገሬን ከሥሩ ለማስረዳት ይፈቀድልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ክብደቴ ከሃምሳ ስምንት ኪሎ ወደ አርባ አራት ወረደ። በክርኔ፣ በጉልበቴና በወገቤ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ፤ መርፌ ይዤ መቀመጥ እስኪያቅተኝ ያሳክከኝ ነበር። የሰው ወገብ በሜትር ስለካ የምውል ሴት የራሴን ወገብ መለካት ፈርቼ ተውኩት። ሰውም በበኩሉ ለካኝ። ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ያዘዘች አንዲት ደንበኛዬ ክንዴን ካየች በኋላ ጨርቋን «ቀለሙን ልቀይረው» ብላ ወሰደችው፤ እስከ ዛሬ ቀለም እየመረጠች ነው። ሌሎቹም በሽታዬን በሹክሹክታ ስም አወጡለት፤ እኔ ባለፍኩ ቁጥር በጣት ይጠቋቆሙብኝ ነበር።

በመጨረሻ ባለቤቴ መኮንን አዲስ አበባ ወሰደኝ። አንድ አዛውንት ሐኪም ደሜን አስመርምረው፣ በጉሮሮዬ ቀጭን ካሜራ አስገብተው አንጀቴን ካዩ በኋላ በሽታው ሴሊያክ እንደሚባል ነገሩኝ። ስንዴና ገብስ ስበላ የገዛ ሰውነቴ በአንጀቴ ላይ ይነሣል፤ ቁጣውም በቆዳዬ ላይ ይወጣል። «ስንዴና ገብስ ለዕድሜ ልክሽ እርም ነው፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ እንደ ልብሽ ብዪ» አሉኝ። የምበላው ነገር ስላለ በደስታ አለቀስኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ በዱቄት ከረጢትዎ ላይ «መቶ በመቶ ንጹሕ ጤፍ» የሚለውን ቃል በአረንጓዴ ቀለም ስላሳተሙና ከሥሩ የማኅበሩን ክብ ማኅተም ስላሳረፉ አመሰግናለሁ። ከገበያ የምገዛውን ዱቄት ትቼ የእርስዎን ዱቄት ብቻ ወደ ቤቴ ያስገባሁት ማኅተሙን አምኜ ነው። ሌላ ሰው ቅመም እንደሚያምን እኔ ማኅተም አምኜ ስምንት ወር በላሁ።

ሁለተኛ፣ በእነዚያ ስምንት ወራት ሽፍታው ስላልለቀቀኝና ክብደቴ በአንድ ኪሎ ብቻ ስለጨመረ አመሰግናለሁ፤ ቢሻለኝ ኖሮ መጠርጠርን አልማርም ነበር። አሰቦት ወርጄ ሦስት ቀን ጸበል ተጠመቅሁ፤ ቆዳዬም ቀዝቀዝ አለልኝ። ነገር ግን ጸበሉ ጠዋት ያበረደውን፣ ከዱቄትዎ ተጋግሮ በስልቻ የያዝኩት ድርቆሽ ማታ መልሶ ያቀጣጥለው ነበር። ወደ ሐኪሙ ስመለስ ውጤቱን አይተው «እቴነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ተደብቀሽ ዳቦ ትበያለሽ?» አሉኝ። ማልኩላቸው። «እንግዲያው ስንዴው በሆነ ቀዳዳ እየገባ ነው፤ ለዚህ በሽታ ደግሞ የጣት ጫፍ ዱቄት ይበቃዋል። ቀዳዳውን ፈልጊው» አሉ።

ሦስተኛውን ምስጋና ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቀዳዳውን በከረጢትዎ ላይ አልፈለግሁም፤ ማኅተም አለበታ! የፈለግሁት በቤቴ ሰዎች ላይ ነው። የባለቤቴ እኅት ከበደች ሰባት ዓመት አብራን ኖራለች፤ ሊጡን የምታቦካው፣ እንጀራውን የምትጋግረው እሷ ናት። ድስት ስትከፍት ከኋላዋ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ብርጭቆ አሸተትኩ፣ ማንኪያ ቆጠርኩ፣ የቡሃቃውን ክዳን በክር አስሬ ቋጠሮው ተፈትቶ እንደሆነ መረመርኩ። አንድ ቀን ከጎረቤት ለቅሶ ቤት ዳቦ በመጋገር ስታግዝ ውላ በነጠላዋ ጫፍ ላይ የስንዴ ዱቄት ይዛ ገባች።

«ልትገድዪኝ ነው?» አልኳት።

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ዐይኔን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። «እኔ? ታመሽ ስትተኚ በእጄ ያጎረስኩሽ እኔ?» አለች። መኮንን መሐል ገብቶ «እቴነሽ፣ ኧረ በእግዚአብሔር!» ቢልም አልሰማሁትም፤ ነጠላዋን ይዤ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ምንድን ነው?» እያልኩ ጮኽሁ። ከበደች ነጠላውን አውልቃ በእጄ ላይ ተወችልኝ። ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከታ በማግሥቱ ቦርደዴ ወዳለችው አክስቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ለራሴ በእጄ አቦክቼ፣ በእጄ ጋግሬ በላሁ። አንድ ወር። አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በሁለቱም ክርኖቼ ላይ ወጣ። ከበደች በቤት የለችም፣ ሽፍታው ግን አለ። በዚያን ቀን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርስዎን ከረጢት አገላብጬ መረመርኩ።

በነጋታው የእርስዎ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የወፍጮው ሠራተኛ ጅብሪል ቅን ሰው ነው፤ ይህን ስለጻፍኩ እንዳያባርሩት አደራ፣ ካባረሩት ግን ቀጥሎ ለማን እንደምጽፍ አስቤበታለሁ። ጤፉ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ ስጠይቀው እጅጌዬን ሰብስቤ ስለነበር ክንዴን አየና ሥራውን አቆመ።

«አዴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፤ በቋንቋው እናቴ ማለቱ ነው። ስነግረው የወፍጮ ቤቱን በር ገፋ አደረገ። «ወላሂ አልዋሽሽም» አለ። «ወፍጮው አንድ ነው። ስንዴ ፈጭተን ሳንጠርገው ጤፍ እንጨምርበታለን። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዱቄቱ እንዲነጣና እንዲበረክት በየኩንታሉ ስንዴ ይጣልበታል። ኦቦ ኦልጅራ ነው ያዘዘው። ሰው ይታመምበታል ብዬ አላሰብኩም፣ አዴ። ስንዴ እኮ ምግብ ነው።»

ልክ ነው፣ ስንዴ ምግብ ነው። በዚህ ከተማ ለሚኖረው ለብዙው ሰው ያው ምግብ ነው። ስለዚህም ወደ ቢሮዎ ስመጣ ክስ አልያዝኩም ነበር፤ የያዝኩት ልመና ነው። ከረጢቱ ላይ እውነቱን ይጻፉ፣ ሌላ አልጠይቅም አልኩዎት። እርስዎ ክንዴን ላሳይዎት ስል ወንበርዎን ወደ ኋላ ገፉና «የእኛ ዱቄት ንጹሕነቱ በማኅተም የተረጋገጠ ነው፤ ይሄ የአንቺ ነገር ጭንቀት ይመስለኛል፣ ዕረፍት አድርጊ» አሉኝ። ሐኪሜ በካሜራ ያዩትን እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሡ ስላዩ ችሎታዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ስንተኛ ላይ እንደ ደረስኩ ስለጠፋኝ ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

ከቢሮዎ ወጥቼ በቀጥታ በሚኒባስ ቦርደዴ ወረድኩ። ከበደች በአክስቷ ደጃፍ ሻይ ትሸጣለች። ስታየኝ ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። ያቺን ነጠላ አጥቤ፣ ተተርትሮ የነበረውን ጥለቷን በእጄ ሰፍቼ ይዤላት ነበር። ጉልበቷ ላይ አስቀምጬ የወፍጮውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ «በድዬሻለሁ» አልኩ።

«በድለሽኛል» አለች። ነጠላውን በጣቷ ዳሰሰችው። ቆይታም «እነዚህን ብርጭቆዎች ተዪ፣ ዳቦ የነካቸው ናቸው» ብላ ከውስጥ የራሷን ኩባያ አምጥታ፣ ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ አለቅልቃ ሻይ ቀዳችልኝ። አለቀስኩ። ወደ ቤት እንመለስ ብዬ ለመንኳት።

«ይቅር ብዬሻለሁ እቴነሽ፤ በየጊዜው እመጣና እጠይቅሻለሁ» አለችኝ። «ቤትሽ ግን አልኖርም። አሁንም ሊጥ ሳቦካ ከኋላዬ የቆምሽ ይመስለኛል።»

አሁን እህሌን ራሴ ለቅሜ፣ ስንዴና ገብስ በማይገባበት በጎረቤቴ በኢንሳፍ ትንሽ ወፍጮ አስፈጫለሁ። አራት ወር ሆነኝ። ክብደቴ አርባ ዘጠኝ ደርሷል። የጉልበቴ ሽፍታ ደርቋል፤ የክርኔ አሁንም ብቅ ጥልቅ ይላል። ሐኪሙ ቆዳ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው ብለውኛልና የቀረውን ሁሉ በእርስዎ ላይ አላላክክም። ሰው ቤት ስጋበዝ ግን ዛሬም ሳህኑን ገልብጬ አያለሁ። ከበደች በወር አንዴ ትመጣለች፤ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች፣ ወደ ወጥ ቤቱ አትገባም። ለዚህ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ቀዳዳው ግን የእርስዎ ነበር፤ በእኔ ላይ ሲጠቋቆሙ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ያንብቡት ብዬም ይህን ደብዳቤ በየሱቁ በር እለጥፋለሁ።

የወገብዎን ልክ ከሩቅ በዐይኗ ብቻ መገመት የምትችል፣ ለማኅተምዎ ክብ ቅርፅ ከፍ ያለ አድናቆት፣ ለቃሉ ግን ቅንጣት እምነት የሌላት፣
ልብስ ሰፊዋ እቴነሽ
ጭሮ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ኢንሳፍ ቤት ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት የተከበሩ ባለቤትዎ ነበሩ፤ አንድ ጆንያ ጤፍ ይዘዋል። የማኅበሩን ዱቄት ለምን እንደማይወስዱ በትሕትና ብጠይቃቸው «ኦልጅራ ያንን ወደ ቤት እንዳታስገቢ ብሎኛል» አሉኝ። ምስክርነትዎን ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን።