ባሕሩ ቅዳሜ ዕለት መጥቶ ነበር

ውድ ወንድሜ ሮላንድ፣

ልጅህ ፊቢ በሰላም ገብታለች። መኪናዋም ከሞተሩ በቀር ደህና ናት። አትደንግጥ፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

የላክሃት የአባታችንን ቤት ለገዢው እንድታሳይና እኔን እንድታግባባ መሆኑን አላጣሁትም። አንተ ለባለፈው የገና በዓል ስትመጣ፣ «ባሕሩ እንኳን ጥሎት የሄደ ከተማ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አልከኝ። ተቀይሜህ ሳልመልስልህ ሻይ ላፈላ ወደ ጓዳ ገባሁ። የቤቱ ግማሽ ያንተ ነው፤ ብቻዬን «አይሸጥም» ማለት አልችልም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ፊቢ የደረሰችው ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ደርቶ ሳለ። መኪናዋን ያቆመችው ባሕሩ ከሸሸ ወዲህ ደረቅ በቀረው የአሮጌው ወደብ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው። ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩ በወንዙ ሽቅብ መጥቶ ያን ድንጋይ እንደሚውጠው የትልቅ ከተማ ልጅ ከየት ትወቀው? እርግጥ ሦስት ሰው ነግሯታል፤ አነጋገራችንን ግን ታውቀዋለህ። ዓሣ ሻጩ ኖርማን፣ «ደስ የሚል ቀን ነው፤ ውሃው ዛሬ ትንሽ ጨመር ያለ ይመስላል» አላት። እሷም «አዎ፣ በጣም ያምራል!» ብላው ሄደች። ሌሎቹም እንደዚሁ። እንግዳን «መኪናሽን አንሺ» ማለት በከተማችን በዌልምስተር ጨርቅን ጥሎ ከማበድ አይለይም።

እኔ ማርማላታዬን እየሸጥኩ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ እየቀመሰች ሳለ፣ ሽማግሌው ታፕሊን ባርኔጣውን አውልቆ መጣ።

«ዊኒ፣ ላስቸግርሽ አልፈለግኩም ነበር። ያቺ ትንሿ ቀይ መኪና የማን ትሆን?»

«የኔ ናት!» አለች ፊቢ። «ምነው?»

«ምንም አይደል፣ የኔ እመቤት። መዋኘት ጀምራለች ለማለት ነው።»

አቤት ሩጫ! ገበያው በአንድ አፍታ ባዶ ቀረ። ኖርማን ዓሣውን ለወፎች ትቶ፣ የሥጋ ሻጩ ሚስት ከነሽርጧ፣ ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሁሉም እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ገባ።

«አባ፣ ጸሎቱ ይቆየንና ትከሻ ያዋጡ!» ብሎ ጮኸ ኖርማን።

«አንተ ሚዛንህን በአውራ ጣትህ የምትጫነውን ያህል ብትገፋ ኖሮ እስካሁን ወጥታ ነበር!» አሉት ቄሱ።

በሳቅ ጉልበታችን አልቆ እንደምንም አወጣናት። ፊቢን ቀና ብሎ የተቆጣት የለም። የሥጋ ሻጩ ሚስት የራሷን ሹራብ አልብሳት፣ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት አስያዘቻት። ሁላችንም ርሰን ግንቡ ላይ ተደርድረን በላን። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ጭቃ ላይ ተጋድመው የከረሙት ጀልባዎች ሁሉ ቀና ብለው፣ የቀይ ጡብ ቤቶቹ ምስል ውሃው ላይ ቁልቁል ቆሞ ነበር። ሮላንድ፣ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፤ አሁንም ልቤን ይወስደዋል። ይህን ከተማ እወደዋለሁ። ያኔ ልመልስልህ ይገባኝ የነበረው ይሄንኑ ነው።

ፊቢ ድንቿን ጨርሳ ወረቀቱን አጣጠፈችና፣ «አክስቴ፣ አባዬ እኮ ይሄንን አልነገረኝም» አለችኝ።

ገዢው እሑድ ከሰዓት መጣ። በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። «ይቅርታ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል» ብላ ሸኘችው። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ያንተን ድርሻ ለራሷ ትፈልገዋለች፤ ሥራዋን እዚህ ሆኜ መሥራት እችላለሁ ትላለች። ልትነግርህ ስለፈራች እኔ ጻፍኩልህ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የዚህን ቤት መስኮቶች ጠዋት የምከፍታቸው እኔ፣ ማታ የምዘጋቸውም እኔ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ስወርድ ሁሉም ተከፍተው አገኘኋቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እባክህ እሺ በላት።

እህትህ ዊኒፍሬድ