ጀርባዬና ሽማግሌዎቹ

ጥቅምት 11፣ 2004
ቡሬ ገበያ። በርበሬ ገዛሁ፣ ከንፈር ተመጠጠልኝ። «መልኳስ እንዴት ያምር ነበር... ምን ያደርጋል!» አለች አንዷ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል። ስወለድ የጎበጠው አከርካሪዬ ነው፤ ጆሮዬማ ደህና ነው።
ፍኖተ ሰላም ያየኝ ሐኪም ግን ከንፈር አልመጠጠም። «አጥንቱ ሳንባሽን እየተጫነ ነው። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና፣ በብረት ይቃናልሽ። አለዚያ ትንፋሽሽ እያጠረ ነው የሚሄደው።» አሁንስ መቼ ዳገት ቻልኩ?

ጥቅምት 19
አጎቴ አያ ላቀው ሽማግሌ ሰብስበው መጡ። ጀርባው የእኔ፣ ጉባኤው የእነሱ፣ ጠላው የእናቴ።
«እግዜር ያጎበጠውን ሰው ሊያቃና? ድፍረት ነው!» አሉ፣ የወርቅ ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው።
«አያ፣ ወርቁንስ ድድዎ ላይ እሱ ነው ያበቀለው?»
«ሀብትነሽ! የዚችን ልጅሽን አፍ አስይዢልኝ!»
እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳቀች? አለቀሰች? እንጃ። ሲወጡ ግን «ሂጂ» አለችኝ።

ኅዳር 29
ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እግሬ አልታዘዝ ቢልስ? እንዲህም ሊሆን ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። ለማንም አልተናገርኩም... ቢሰሙ ዳግመኛ ይሰበሰባሉ።

ታኅሣሥ 12
አዲስ አበባ። እናቴ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ቀረች፤ እህቴ እስከዳር ናት ያመጣችኝ። ነገ ነው። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 16
የእግሬ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ! ሕመሙስ አይጣል ነው... ግን ይንቀሳቀሳሉ።

ታኅሣሥ 20
እናቴ ደወለች። እየሳቀች፣ እያለቀሰች።
እስከዳር፣ እናቴ ደንግጣ ግፊቷ እንዳይነሣ ብላ፣ ደህና መውጣቴን ለአያ ላቀው በስልክ ነግራቸው ኖሯል። ምሥራቹን በራሳቸው አፍ ሊያበስሩ፣ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው፣ ጎህ ሲቀድ ደጃችን ቆሙ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን፣ ሽማግሌ የሚያመጣው መርዶ ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ያውቃል። እሳቸው አያውቁም። እናቴ ጮኸች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደረት ተመታ። «ኧረ ድናለች!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው!
አልቃሿማ «እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያልሽው» ብላ ሙሾ አውርዳልኛለች። በቁሜ የነፈጉኝን ቁመና በሞቴ ሰጡኝ። ቸሮች!

ሚያዝያ 20
ቡሬ ገባሁ። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል። አያ ላቀው መሐል ተቀምጠው «ታከሚ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።
ልክ ላስገባቸው ተነሣሁ። እሳቸውም ሊስሙኝ ተነሡ። ፊት ለፊት ቆምን... ዓይኔን ለማየት ቀና አሉ።
ያዘጋጀሁት ስድብ ጠፋኝ።
ለካ አጭር ሰው ናቸው።