ዓሣ ዓሣ የሸተተው ጡጦ

ይድረስ ለልጄ ለሚንጁ፤

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እኔንም የልጅሽን ሳቅ ሳልሰማ አይውሰደኝ። እኛ ደክሞንም ቢሆን አለን። አባትሽ ወገቡን እያመመው መረቡን መጠገን አልተወም።

ለቹሶክ በዓል ስትመጪ ሆቴል ልታርፊ ነው አሉ። የወንድምሽ ሚስት ነግራሽ ነው፤ አልፈርድባትም። በበጋው ወደ ደሴቷ የሄድን ጊዜ፣ ባረፍንበት ቤት የልጇን ጡጦዎች የቀቀልኳቸው ለሾርባ ደረቅ ዓሣ በሚፈላበት ድስት ነው። ውሃው ስለተንተከተከ ንጹሕ መሰለኝ። ስንመለስ መርከቡ ላይ ሕፃኑ ዓሣ ዓሣ የሸተተውን ጡጦ አንዴ ሳብ አድርጎ ተፋው፤ ወደብ እስክንደርስ በረሃብ አለቀሰ። እናቱም አብራው አለቀሰች። አክስትሽ ኦክሱን ደግሞ እየሳቀች፣ "እቴ፣ ሩዝ ጣል አታደርጊበትም ነበር?" ትለኛለች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አሁን ለጡጦ ብቻ የሚሆን አዲስ ድስት ገዝቻለሁ። እሱንም ካላመንሽው የራስሽን ይዘሽ ነዪ፤ ራስሽ ቀቅዪ፣ እኔ አጠገቡ አልደርስም። ብቻ ሆቴል አትግቢብኝ። ውሃው እስኪፈላ ልጅሽን ልያዝልሽ።

በሰላም ያግባችሁ።

እናትሽ