የእማዬ ፊት በአሥራ ስድስት ወረቀት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤና መጠየቅ ወጉ ነውና፣ እንዴት ሰነበትክ? ስልክህ ከተዘጋ አምስት ቀን ስለሆነው በወረቀት መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ይህን የሚያደርስልህ ሹፌር እጅህ ላይ ሳያኖረው እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። እኔን ከጠየቅከኝ ደሜ ፈልቷል።

እማዬ መርሳት ከጀመራት ወዲህ በር ከፍታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ አይደለም። አሥራ አንድ ቀን ግን ጠፍታ አታውቅም። ፎቶዋን በትልቁ እናሳትም ስልህ ምን አልክ? ማተሚያ ቤት የማውቀው ሰው አለ፣ ለኔ ተይው አልክ። ሁለት ቀን ጠበቅኩህ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሥራዬ ቦታ፣ በነፃ በሚገኝ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ራሴ ሠራሁት። ፕሮግራሙ ትልቁን ምስል አሥራ ስድስት ተራ ወረቀት ላይ ይከፋፍለዋል፤ በየጠርዙ ጣት የምታህል ትርፍ ይተዋል፣ እሷን እያደራረብክ ታጣብቃለህ። መጀመሪያ ማተሚያው እያንዳንዱን ገጽ በራሱ ሥልጣን አሳንሶ አወጣውና የእማዬ አፍንጫ ለሁለት ተከፍሎ አልገጥም አለ። እንደገና አተምኩ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ግንባሯን ከጉንጯ ሳገጣጥም እያለቀስኩ ነበር።

ፎቶ አንስቼ ብልክልህ የልጅ ሥራ ይመስላል አልክ። ደግሞ ታላቅ እኔ ነኝ፣ የሚጻፈው ስልክ የኔ ይሁን አልክ። እኔ ሞኟ እሺ ብዬ ያንተን ቁጥር ጽፌ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ትናንት መናኸሪያ ሄጄ የተላጠውን ሳጣብቅ አንዲት ጋዜጣ ሻጭ ጠራችኝ። የዛሬ አምስት ቀን እማዬ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር አለች። ከግድግዳው ፎቶ ለይታት ደወለች። ሁለቴ ጠርቶ ተዘጋባት፤ ሦስተኛው ጭራሽ አልጠራም። ደንበኛ አስተናግዳ ዞር ብትል እማዬ የለችም።

የማይታወቅ ቁጥር ሲበዛ ሰለቸህ አይደል? እኔ ቀኑን ሙሉ ቢቀልዱብኝም አነሳ ነበር! ዛሬ የታችኛውን ረድፍ አራት ወረቀት ብቻ በኔ ቁጥር አትሜ ያንተ ላይ ለጠፍኩበት። የወረቀቱ ጥቅም ይኸው ነው፤ የማይረባውን ብቻ ትቀይራለህ።

ሴትዮዋ ሌላም ነገረችኝ። ልጅዎ ስልክ አያነሳም ብትላት፣ የኔን ስም ከረሳች ዓመት ያለፋት እናታችን ያንተን አሳምራ ጠራችው። ሥራ በዝቶበት ነው፣ እንዳትቆጡት ብላ እጇን ይዛ ለመነቻት።

እኔ ግን ተቆጥቻለሁ።

እሷን ያለችበት ይጠብቅልን። ላንተም እግዜር ልብ ይስጥህ።

እህትህ