በሱፍ የጠቀለልኩት ላፕቶፕ

ልጄ ኡላን፣ በሄድክበት አገር ይቅናህ፤ ክፉ አይንካህ። ከብቶቹም እኔም ደህና ነን።

እዚህ ተራራው ግጦሽ ላይ መብራት የለም። ብርዱ ባትሪውን እንዳይጨርሰው ላፕቶፑን እንደ ግልገል በሱፍ ጠቅልዬ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ፣ ዓርብ ዓርብ አንተን ለማናገር ብቻ እከፍተዋለሁ። አንተ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «እማ፣ ባትሪዬ አለቀ» ትላለህ።

ትናንት አክስትህ ሳልታናት ከመንደር ዱቄት ይዛልኝ መጥታ፣ «ያንቺ ልጅ ጉድ ነው! ዓርብ ላሞቹን አልበን እስክንጨርስ በስልክ ሲያስቀን ነበር» አለችኝ። ሻይ ጨመርኩላት።

አባትህ የሞተ ጊዜ፣ ፈተናህን እንድትጨርስ ብዬ «ደህና ነው፤ ስልኩ ተበላሽቶ ነው» አልኩህ። ሳትቀብረው ቀረህ። መዋሸቱን ከእኔ ነው የተማርከው፤ ቢሆንም አመመኝ።

ዕድሜህ ይርዘም። በሚመጣው ዓርብ፣ ልትቆጣኝም ቢሆን፣ የእኔ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ አናግረኝ።

እናትህ